የማይታየው የከሰል ጢስ በካልጋሪ

በአገር ቤት ለቡና ከሰል ማያያዝ የተለመደ ነው፤ ለብርድ ሲባል በር መስኮቱ በሚጠበቅባት ካልጋሪ ግን ይኸው ልማድ ለሕይወት ያሰጋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣመር ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይልቃል። ስለዚህ የጥብስ ምድጃ፣ ክረምቱ ቢከፋም፣ ወደ ቤትም ወደ ጋራዥም አይገባም፤ የጋራዡን በር መክፈትም አያድንም።

ከዕቃዎቹ ረጅም ጉጠትና የሥጋ ቴርሞሜትር ይቀድማሉ። የሥጋ መልክ ያታልላልና፤ የካናዳ ጤና ጥበቃ መመሪያ ለተፈጨ የበሬ ሥጋ 71፣ ለዶሮ ብልት 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ነው። አመድ የለበሰ ፍም በማግስቱም ትኩስ ሊሆን ይችላል፤ ከሮኪ ተራሮች የሚወርደው ደረቅ የቺኑክ ነፋስ ካገኘው ደግሞ ብልጭታው ከጎረቤት አጥር ይደርሳል።