ጓንቱ ማንን ይጠብቃል?

የጎማ ጓንት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የገባው ታካሚን ከኢንፌክሽን ለመጠበቅ ታስቦ አይደለም። የአንዲት ነርስ እጅ ስለቆሰለ ነው። ካሮላይን ሃምፕተን ትባላለች፤ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በ1889 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ነርስ ነበረች። በዚያን ጊዜ ጀርም ቁስልን እንደሚያመረቅዝ ሐኪሞች ተረድተዋል፤ መከላከያቸው ግን ኃይለኛ ኬሚካል ነበር። ከቀዶ ጥገና በፊት እጃቸውን የሚነክሩት ሜርኩሪክ ክሎራይድ በተባለ መርዛማ ፈሳሽ ውስጥ ነው። የሃምፕተን ቆዳ ይህን አልቻለም፤ እጇና ክንዷ ተላላጠ። የክፍሉ ኃላፊ ዊልያም ሆልስቴድ ጎበዝ ነርሱን ማጣት ስላልፈለገ ጉድይር የተባለው የጎማ ኩባንያ ስስ ጓንት እንዲሠራላት አዘዘ። በ1890 ሁለቱ ተጋቡ።

ጓንቱ ተመችቶ ሌሎች ረዳቶችም ለበሱት። ቢላውን የሚይዘው ሐኪም ግን ለዓመታት በባዶ እጁ መሥራቱን ቀጠለ። የሆልስቴድ ደቀ መዝሙር የነበረው ጆሴፍ ብለድጉድ ሐኪሙ ራሱም ጓንት እንዲያደርግ ካስለመደ በኋላ፣ በ1899 ባሳተመው ዘገባ የቡአ ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው ታካሚዎች ላይ የቁስል ማመርቀዝ እጅግ መቀነሱን አሳየ። ሆልስቴድ በ1913 ይህን መለስ ብሎ ሲያስታውስ፣ መፍትሔው በዓይናቸው ፊት ሳለ እንዴት እንዳላዩት ራሱን አስገርሞታል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ያ አለማየት ዛሬም በየሕክምና ክፍሉ ስላለ ነው። የጤና ባለሙያው ጓንት አድርጎ የአንዱን ታካሚ ቁስል ይነካል። በዚያው እጁ ካርድ ይገልጣል፣ እስክሪብቶ ያነሳል፣ መጋረጃ ይስባል፣ ወደ ቀጣዩ አልጋ ያልፋል። የእሱ ቆዳ ንጹሕ ነው፤ ሁለተኛው ታካሚ ግን የመጀመሪያውን ጀርም ተቀበለ። እጁ ባዶ ቢሆን ኖሮ መግል ሲነካው ተጸይፎ ወደ ቧንቧው ይሄድ ነበር። ጓንት ይህን መጸየፍ ይወስድብናል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ጓንት ለአንድ ታካሚ ብቻ ነው። በአንድ ታካሚ ላይም ቢሆን ከቆሸሸ የሰውነት ክፍል ወደ ንጹሕ ሲታለፍ ይቀየራል፤ ሰገራ የነካ ጓንት ደም ሥር ላይ ወዳለው መርፌ መሄድ የለበትም። ጓንቱን ማጠብ ወይም አልኮል ቀብቶ መቀጠልም አይሆንም። አልኮሉም ሳሙናውም ለቆዳ የተዘጋጁ ናቸው፤ የጓንቱን ስስ አካል ያዳክሙታል።

ጓንት የእጅ መታጠብን አይተካም። ከመልበስ በፊት እጅ ይጸዳል፤ ካወለቁም በኋላ ይጸዳል። ለምን ቢባል በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ከፋብሪካ አብረው ሊመጡ ይችላሉ፣ በሥራ ላይም ይፈጠራሉ። በጓንት ውስጥ ያለ ሙቀትና ላብ ደግሞ የቆዳችንን ጀርሞች ያራባል። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። ለመታጠቢያ ይህን ያህል ጊዜ የማያገኝ ባለሙያ መኖሩን አውቃለሁ፤ ጥያቄው የሥራ ጫና ጥያቄ ጭምር ነው።

በእኔ እምነት ሊሠለጠንበት የሚገባው ትልቁ ጉዳይ አወላለቁ ነው። አለባበሱን ብዙ ሰው ይጠነቀቅበታል፤ ሲያወልቅ ግን ጣቶቹን ጎትቶ ያስፈነጥረዋል። ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው፦ በአንዱ እጅ የሌላውን ጓንት አንጓ አጠገብ ከውጭ በኩል ቆንጥጦ ይዞ፣ ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ መግፈፍ። የወለቀውን ጓንት በለበሰው መዳፍ ጨብጦ መያዝ። ከዚያ የባዶውን እጅ ጣት በሁለተኛው ጓንት አንጓ ሥር፣ ቆዳ ላይ አስገብቶ እሱንም ገልብጦ ማውጣት፤ የመጀመሪያው በሁለተኛው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። የቆሸሸው ገጽ ባዶ ቆዳ ሳይነካ ወደ ተላላፊ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይገባል።

ጓንት የማያስፈልግበት ጊዜም ብዙ ነው። ልጇን ለክትባት የወሰደች እናት ነርሷ ያለ ጓንት መርፌ ስትወጋ አይታ ልትደነግጥ ትችላለች። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ግን ቆዳው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የጡንቻም ሆነ የቆዳ ሥር መርፌ ለመውጋት ጓንት የግድ አይደለም፤ የነርሷ እጅ መጽዳቱ ነው የሚጠየቀው። የደም ግፊትና ሙቀት መለካት፣ ታካሚን ማጠብና ማልበስም እንዲሁ። በለንደን የሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በ2018 ሠራተኞቹ ያለ አስፈላጊነት ጓንት እንዳያደርጉ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ፣ የቆሰለ ቆዳ፣ የአፍና የብልት ውስጠኛ ክፍል ሲነካ፣ ደም ሲቀዳ፣ ግሉኮስ የሚሰጥበት መርፌ ሲገባና ሲወጣ ግን ጓንት ይደረጋል። በንክኪ የሚተላለፍ በሽታ ያለበት ታካሚ ጋ ሲቀረብም እንደዚሁ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ስቴራይል የሚባለው፣ ማለትም ከጀርም ሁሉ ነጻ የተደረገው ጓንት ጥንድ ጥንዱን ለየብቻ ታሽጎ ይመጣል፤ ለቀዶ ጥገና፣ ለማዋለድ፣ ትልልቅ ደም ሥር ውስጥ ቱቦ ለማስገባት ነው። መጠኑ 6፣ 6.5፣ 7 እየተባለ ስለሚቆጠር ለእጅ ልክ ይሆናል። የእንግዴ ልጅን በእጅ ለማውጣት እስከ ክርን የሚደርስ አለ። አብዛኛውን ጊዜ መቶ መቶ ሆኖ በካርቶን የሚሸጠው የምርመራ ጓንት ነው፤ ንጹሕ ነው እንጂ ስቴራይል አይደለም። ቤተሰብ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አምጡ የሚባልበት ጊዜ ስላለ ለየትኛው ሥራ እንደሆነና የሚለብሰውን ባለሙያ የእጅ መጠን መጠየቅ፣ ማሸጊያው አለመቀደዱንና የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን ማየት ተገቢ ነው። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ የሰነበተ ካርቶን ባይገዛ ይሻላል፤ ሙቀትና ብርሃን ላቴክስን ያደርቁታል።

ላቴክስ ከጎማ ዛፍ የሚገኝ ነው። እንደ ቆዳ ይለጠጣል፣ ጣት የሚዳስሰውን አይሸሽግም፤ ለዚህ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ይወዱታል። ቫዝሊንና ሌሎች ቅባቶች ግን ያላሉታል። ከሁሉም በላይ አለርጂ ያስነሳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በኤችአይቪ ምክንያት የጓንት አጠቃቀም ባንድ ጊዜ ሲያሻቅብ፣ በላቴክስ የሚታመሙ ጤና ባለሙያዎችም በዙ። ጓንቱ እንዲንሸራተት የሚነሰነሰው የበቆሎ ስታርች የላቴክሱን ፕሮቲን ተሸክሞ አየር ላይ ይበትነዋል፤ ጓንት ያልነካ ሰው እንኳ ሊያስነጥስና ደረቱ ሊታፈን ይችላል። በዚህና ዱቄቱ በሆድ ዕቃ ውስጥ በሚያስከትለው መጣበቅ የተነሳ አሜሪካ ከ2017 ጀምሮ ዱቄት ያለውን የሕክምና ጓንት አግዳለች። ሙዝ ወይም አቮካዶ ሲበላ አፉን የሚያሳክከው ሰው ላቴክስም ሊቆጣው ስለሚችል ለሐኪሙ ይናገር።

ናይትራይል ከፋብሪካ የሚወጣ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። የላቴክስ ፕሮቲን የለበትም፣ በቀላሉ አይበሳም፣ ቅባትንም ይቋቋማል፤ ለዕለት ተዕለት ምርመራ የምመርጠው እሱን ነው። ቪኒል ርካሽ ነው፣ ይሰፋል፣ በሥራ ላይ ቶሎ ይበሳል። ደም ለሌለበት አጭር ሥራ ይበቃል።

የትኛውም ስስ ጓንት መርፌን አያቆምም። ቢሆንም መርፌው ጓንቱን ሲያልፍ ከላዩ ያለው ደም በከፊል ይጠረጋል። ቀዶ ሐኪሞች ሁለት ጓንት ደርበው ሲለብሱ የውስጠኛው የመበሳት ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል።

ስለ ጓንት ሲነገር የሚረሱት የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ደም የፈሰሰበትን ወለል በበረኪና የሚያጸዱት፣ የቆሻሻውን ቅርጫት የሚያነሡት፣ ሰው በግዴለሽነት የጣለው መርፌ የሚወጋቸው እነሱ ናቸው። ለእነሱ የምርመራ ጓንት መስጠት ስህተት ነው። የሚያስፈልጋቸው ወፍራም፣ እስከ ክንድ የሚደርስ የጎማ ጓንት ነው። ይህ ዓይነቱ ታጥቦና ደርቆ ደግሞ ይለበሳል፤ ሲሰነጠቅ ወይም ሲበሳ ይጣላል። የሚያገለግለውም ለረጅም ጊዜ ነው። የጤና ተቋማት ግዢ ሲያቅዱ ከዝርዝራቸው መጀመሪያ ላይ ሊያሰፍሩት ይገባል።