በእስፓኝ ቋንቋ የትእዛዝ አንቀጽ አጻጻፍ

በእስፓኝ ቋንቋ ደብዳቤ የሚጻጻፍ ነጋዴ፣ ድርጊታቸው ወደ አድራጊው የሚመለስ ግሶች በትእዛዝ ጊዜ የሚለወጡበትን ሥርዓት አጣርቶ ማወቅ ይገባዋል። ለምሳሌ «ዲሪኺርሴ» ማለት ለአንድ ቢሮ ወይም ለአንድ ሰው ማመልከት ሲሆን፣ በመጨረሻው ያለው «ሴ» ተውላጠ ስም ነው።

«አድርግ» በሚባልበት ጊዜ ተውላጠ ስሙ ከግሱ መጨረሻ ተጣብቆ እንደ አንድ ቃል ይጻፋል። ስለዚህ «እርስዎ» ለሚባል ሰው «ዲሪኻሴ»፣ ለብዙዎች «ዲሪኻንሴ» ይባላል። «አታድርግ» ሲባል ግን ተውላጠ ስሙ ተለይቶ ከግሱ ይቀድማል፤ ይኸውም «ኖ ሴ ዲሪኻ» ነው። ተውላጠ ስሙ ተጨምሮ ቃሉ ሲረዝም፣ ጠንክሮ የሚነበበው «ሪ» ከቦታው እንደማይለቅ ለማሳየት በአናባቢው ላይ ጭረት ይደረጋል። ይህን ምልክት መተው የጽሕፈት ስሕተት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው የአክብሮቱ ነገር ነው። «ዲሪኼቴ» ማለት «አመልክት» ሲሆን፣ «ዲሪኻሴ» ማለት «ያመልክቱ» ነው። ገና ላልተዋወቁት ደንበኛ በፊተኛው ቃል መጻፍ እንደ ድፍረት ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ደብዳቤ የአክብሮቱን ቃል መያዝ ለንግዱም ለጸሐፊውም ክብር ይበጃል።