ግራናይት በውሃ ይቆረጥ

ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካሬው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ስለ ቀለሙ ይጠይቃል፤ ከዚያ «መቼ ይደርስልኛል?» ይላል። «እንዴት ነው የምትቆርጡት?» የሚል ሰው ግን ብርቅ ነው። ጉለሌ ውስጥ ለኪችን ግራናይት እየቆረጥኩ ስኖር ከሁሉ በላይ መጠየቅ ያለበት ይሄኛው እንደሆነ ነው የተረዳሁት።

የግራናይት ዲስክ እንደ እንጨት መጋዝ ጥርስ የለውም። ጠርዙ ላይ የተጣበቀው የአልማዝ ብናኝ ድንጋዩን እየፈጨ ያልፋል፤ ሲፈጭም ይግላል። ውሃ ካላገኘ ዲስኩ ቶሎ ያልቃል፣ የድንጋዩም ጠርዝ ይሸራረፋል።

ሥራው በጣም የሚከብደው የላቫንዲኖው ቀዳዳ ላይ ነው። ባለ 2 ሴንቲ ግራናይት በካሬ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቀዳዳው ከወጣ በኋላ ግራና ቀኙን አያይዘው የሚይዙት ከፊትና ከኋላ የቀሩት ሁለት ቀጫጭን ጠርዞች ናቸው። ስለዚህ አስቀድሜ አራቱን ማዕዘን በክብ መብሻ እበሳለሁ፤ ከዚያ ዲስኩን ከአንዱ ብስ እስከ ሌላው ብቻ እነዳለሁ። ማዕዘኑ ክብ ከሆነ ስንጥቅ መነሻ ያጣል። ዲስኩ ማዕዘኑን አልፎ ትንሽ ከጫረ ግን፣ ዛሬ ባይታይም፣ ድንጋዩ ሲነሳ ወይም ከባድ ድስት ሲያርፍበት ስንጥቁ ከዚያው ይጀምራል።

ውሃው ከዲስኩና ከድንጋዩ በላይ የሚያድነው ግን የቆራጩን ሳንባ ነው። ከግራናይት ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ኳርትዝ የሚባለው የሲሊካ ማዕድን ነው። በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሳው ነጭ አቧራ ልብስ ላይ ስለሚታይ እሱን እናራግፋለን፤ የሚጎዳው ግን ለዓይን የማይታየው፣ እስከ ሳንባ ጥልቀት የሚገባው ብናኝ ነው። እዚያ ገብቶ ጠባሳ ይሠራል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ብናኝ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ በሲሊካ የተጎዳ ሳንባ በቀላሉ በቲቢ ይያዛል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የታወቀው በቲቢ ሕክምና ነው። የሚያስል ቆራጭ «ብርድ መቶኝ ነው» እያለ ከሚቆይ፣ ሄዶ ሥራው ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ቢናገር ይሻለዋል።

ድንጋይ ሁሉ እኩል አይደለም። የአክሱም ሐውልቶች በተለምዶ ግራናይት ይባሉ እንጂ ኔፌሊን ሳየናይት ከሚባል ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ኳርትዝ የለውም። በገበያ «ጥቁር ግራናይት» ከምንለው ብዙው ጋብሮ የሚባል ዓይነት ስለሆነ ኳርትዙ አነስተኛ ነው። በፋብሪካ ተጨፍልቆ በሙጫ የሚሠራው «ኳርትዝ» ግን ብዙ ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ነው። አውስትራሊያ ወጣት ቆራጮቿ በሲሊኮሲስ ሲታመሙባት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ድንጋይ አግዳለች።

ታዲያ ለምን በደረቁ ይቆረጣል? አንዱ ምክንያት ውሃ በፈረቃ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው ጥድፊያ ነው። ሦስተኛው የልኬት ጉዳይ ነው፦ የቤቶቻችን ግድግዳ ስኳድራ አይወጣም፤ በቁጥር ብቻ ተለክቶ የመጣ ድንጋይ እዚያው ኪችን ውስጥ በግራይንደር ይከረከማል፤ አቧራውም ለቤተሰቡ ይተርፋል። እኔ ካቢኔቱ ተገጥሞ ሳያልቅ አልለካም። ካርቶን ዘርግቼ የግድግዳውን ቅርጽ እቀዳለሁ፤ ድንጋዩ ወርክሾፕ ውስጥ በዚያ ቅድ ይቆረጣል።

ብዙ ቦታ ረዳቱ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ይዞ ዲስኩ ፊት ፊት ውሃ ያንጠባጥባል። ለአቧራው ከደረቁ ይሻላል፤ ግን ተራ ግራይንደር ለውሃ አልተሠራም፣ ኤሌክትሪክ ሊያስይዝ ይችላል። ትክክለኛው ውሃን በራሱ ቱቦ የሚረጭ ማሽን ነው። ጭቃውም ሳይደርቅ ይታጠብ፤ ደርቆ በመጥረጊያ ከተጠረገ ያው አቧራ መልሶ ይነሳል። አፍ ላይ የታሰረ ሻሽም ያን ብናኝ አያግድም።

ግራናይት የምታሠሩ ሁሉ፣ ከመዋዋላችሁ በፊት ወርክሾፑን ሄዳችሁ እዩ። ወለሉ እርጥብ ከሆነ ተዋዋሉ። ሠራተኞቹ ነጭ አቧራ ለብሰው ካገኛችኋቸው ግን «በውሃ ካልቆረጣችሁ አላሠራም» በሏቸው፤ በደረቁ ሲቆረጥ የሚረክሰውን ዋጋ በሳንባው የሚከፍለው ረዳቱ ነው።