የትል መድኃኒት ለማን?

በአማርኛ አይጥ የሚፈጀውም ልጅ የሚያድነውም ነገር ስሙ አንድ ነው፤ መድኃኒት። ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ለሚውል ሰው ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የምሠራባት ሾኔ ከሐላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በገበያ ቀን ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ሐላብኛ፣ ወላይትኛ የሚናገረው ሁሉ ይገባል፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን አብዛኛው ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ያውም በጣም አጭር ወደሆነ አማርኛ።

«ዶክተር፣ የትል መድኃኒት ስጪኝ።» (እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማስተካከሉን ከተውኩት ቆይቻለሁ።)

«ለማን ነው አባባ? ዕድሜው ስንት ነው?»

«የምን ዕድሜ? ለበቆሎው ነዋ!»

እኔ አልቤንዳዞል ላነሳ እጄን ዘርግቻለሁ፤ እሳቸው የሚፈልጉት ለተምቹ የሚረጭ ኬሚካል ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. በደቡብ በኩል አገራችን ከገባ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ገበሬው በቆሎውን የሚበላውንም የልጁን ሆድ የሚያውከውንም «ትል» ይላል፤ ሁለቱንም የሚያጠፋውን ደግሞ «መድኃኒት»። ቋንቋውን አልተሳሳተም። ሁለቱ ቢምታቱ የሚመጣውን አደጋ የሚያውቀው ግን የሚሸጠው ሰው ብቻ ነው።

«የወባ መድኃኒት» ሲባልም እንዲሁ ነው። ለአንዱ ኮአርተም ነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ለከባዱ የወባ ዓይነት ቀዳሚ ሆኖ የተመረጠው። በዲዲቲ ዘመን ላደጉት ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ነው፤ ረጪዎቹ ወደ ሰፈር ሲገቡ ዛሬም «መድኃኒት ሊረጩ መጡ» ይባላል። «ኪኒን» የምንለው ቃል ራሱ የጥንቱ የወባ መድኃኒት የኩዊኒን ስም ነበር፤ አሁን የራስ ምታቱም የደም ግፊቱም ፍሬ ሁሉ ኪኒን ሆኗል።

ችግሩ ያለው «የ» ላይ ይመስለኛል። የአይጥ መድኃኒት አይጧን ይገድላል፤ የላም መድኃኒት ላሟን ያድናል። የሳል መድኃኒት ሳሉን ያጠፋል፤ የልጅ መድኃኒት ልጁን ያሽራል። ሰዋስዉ ልዩነታቸውን አይነግርህም። የሚለያቸው የሰሚው ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል።

ቃሉ ከግእዝ ሲነሣ ጨርሶ እንዲህ አልነበረም። ሥሩ «ድኅነ» ነው፤ ከክፉ መትረፍ። በግእዝ መድኃኒት ማለት መዳን፣ ድነት ነው፤ ለበሽታው ፈውስ የሚል ሌላ ቃል አለ፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ መድኃኒትን ፈውሲ ይላል። ከዚያው ሥር ሰላምታችን «ደኅና ነህ?» ወጣ፤ መድኃኔ ዓለም ወጣ፤ መድንም ወጣ። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ስሙን የያዘው ከዚሁ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም እንዲሁ፤ ከወረዳዎቹ አንዷ እዚሁ ጎረቤታችን ከምባታ ውስጥ ያለችው ዳምቦያ ነበረች። ስለዚህ እሑድ በጸሎት ቤት «መድኃኒቴ» ብሎ ዘምሮ የወጣ ሰው ሰኞ የመድን ደብተሩን ይዞ መድኃኒት ሊወስድ ይመጣል፤ ሲመለስ ለማሳው መድኃኒት ይገዛል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው የሚገድለው።

እንዲህ ያለ ቃል የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች «ጊፍት» ሲሉ ስጦታ ነው፤ ጀርመኖች ያንኑ ቃል ሲሉ መርዝ ነው። ስዊድኖች፣ ዴንማርኮችና ኖርዌዮች ዘንድ መርዝም ነው፣ ያገባ ሰውም ነው (ቀልዱን ለባለትዳሮች ትቼዋለሁ)። ሥሩ ሁሉም ዘንድ መስጠት ነው። ጀርመንኛው ወደ መርዝ የዞረው በግሪኩ «ዶሲስ» በኩል ነው ይባላል፤ ዶሲስም ትርጉሙ መስጠት ሲሆን ለበሽተኛ የሚሰጠውን መጠን የሚያመለክት ቃል ሆነ። እኔም በየቀኑ «ዶዙን ሳትጨርስ እንዳታቆም» ስል የምጠራው ይኸንኑ ነው። ግሪኮቹ ደግሞ «ፋርማኮን» ሲሉ ፈውሱንም መርዙንም ማለታቸው ነበር፤ በራችን ላይ የተጻፈው ፋርማሲ የመጣው ከዚያ ነው። እኛም ብንሆን «መድኃኒት አበላችው» ሲባል ማንም አሞክሲሲሊን ትዝ አይለውም።

መጠኑን ስናገር ግን የቁጥር ነገር ከዚህ ይሻላል። በሀዲይኛም በከምባትኛም ሁለት ላሞ ነው፣ ሦስት ሳሶ ነው፤ ላሞ ኦሮምኛው «ለማ» ከሚለው ብዙ አይርቅም። ወላይትኛው ግን ሌላ ቤተሰብ ስለሆነ እንደዚያ ብዬ አልደፍረውም። ቢሆንም በሀዲይኛ ሰባት «ላመራ» ስለሆነ፣ በፍጥነት ከተነገረ ከላሞ ጋር እንዳይምታታ እፈራለሁ። ሁለት ፍሬ ለሰባት ቀን የታዘዘለት ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ካቀያየረ ሰባት ፍሬ ባንድ ጊዜ ይውጣል። ስለዚህ ፍሬዎቹን ባንኮኒው ላይ እደረድራለሁ፤ የጠዋቱን ለብቻ፣ የማታውን ለብቻ። ታካሚው መልሶ በራሱ ቋንቋ ሳይነግረኝ ከረጢቱን አልሰጥም። ወረፋው ይረዝማል፤ ይርዘም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ከእኔ ባንኮኒ ውጭ ያለው ነው። የአረም መድኃኒት በሀይላንድ ተቀድቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት ይሸጣል፤ ቤት ሲደርስ ከምግብ ዘይቱ ጎን ይቀመጣል። እናት «ያ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ የምታገኘው መልስ «መድኃኒት ነው» የሚል ነው። የሚያስል ልጅ ላለባት ቤት ይህ መልስ ክፉ ነው። የግብርና ባለሙያዎች ፀረ አረም፣ ፀረ ተባይ የሚሉ ጥሩ ቃላት አሏቸው፤ ነገር ግን ቃላቱ ከሥልጠና አዳራሽ ወደ ገበያ አልወረዱም። ነጋዴው «መርዝ» ብሎ መሸጥ እንደማይወድም ይገባኛል፤ ስሙ ደንበኛ ያሸሻል።

ቢሆንም እለምናለሁ። የምትሸጡ ሰዎች፣ በየጠርሙሱ ላይ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉ፤ በሀይላንድም አትቅዱ። የምትገዙ ደግሞ፣ ባንኮኒ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ለማን እንደሆነ ተናገሩ፤ ለሕፃን፣ ለከብት ወይስ ለማሳ።