በኢንዶኔዥያ ደጅ የሚጠኑ ሐዛሮች

በአፍጋኒስታን መካከለኛ ተራሮች የሚኖረው፣ በሃይማኖቱም በብዛት ሺዓ የሆነው የሐዛራ ሕዝብ፣ ከአሚር አብዱራህማን ዘመነ መንግሥት ጀምሮ ሲገደልና ርስቱን ሲነጠቅ ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ደግሞ ታሊባን በማዛሪ ሸሪፍ ብዙ ነፍስ ካጠፋበት በኋላ፣ ስደትን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርስ ኖሯል። ከእነዚህም ስደተኞች መካከል ወደ አውስትራሊያ ለመሻገር አስበው ኢንዶኔዥያ የደረሱት፣ አውስትራሊያ ከሐምሌ 2014 ወዲህ በጃካርታ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጽሕፈት ቤት የተመዘገበውን አልቀበልም ስላለች፣ የ1951ን የስደተኞች ስምምነት ባልፈረመችና ሠርቶ ማደርን በከለከለቻቸው አገር ተንጠልጥለው ቀሩ። ለጎልማሳ ሰው ከረኀብ ይልቅ ሥራ መፍታት ሳይከፋ አይቀርም፤ በቦጎር አውራጃ በቺሳሩዋ ስደተኞቹ ራሳቸው በ2014 ትምህርት ቤት ከፍተው ልጆቻቸውን ማስተማራቸው ግን እጅግ የሚያስመሰግናቸው ነው።

የብዙዎቹ ተስፋ ካናዳ በ1979 ለኢንዶቺና ስደተኞች በሥራ ያዋለችው የግል ዋስትና ሆነ፤ በዚህም ሥርዓት አምስት ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች ተባብረው የአንድን ስደተኛ ቤተ ሰብ ቀለብ፣ ልብስና መጠለያ ለአንድ ዓመት እንችላለን ብለው በፊርማቸው ይዋሳሉ (የእኛም አገር ሰዎች ከካርቱም የተሻገሩበት መንገድ ነው)። ይሁን እንጂ አምስቱ ዋሶች የሚያመለክቱለት ሰው አስቀድሞ ስደተኛነቱ የጸደቀበትን ማስረጃ መያዝ አለበት። ካናዳ ደግሞ በኅዳር 2024 መጨረሻ የእነዚህን ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበሏን ለጊዜው ስላቆመች፣ ቀድሞ ያስገባው ተራውን ሲጠብቅ፣ ያላስገባው ግን ገንዘቡም ዋሶቹም ተሟልተውለት ወረቀቱን የሚቀበለው አጣ።