የተሳላሚው የጉዞ ማስረጃ

የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ይዘው ለመሳለም ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጡ ምእመናን ዜግነት በሚጠይቁበት ጊዜ ይህን ጉዞ ማስመዝገብ ግዴታቸው ነው። ኤን-400 የተባለው ማመልከቻ፣ በመደበኛው የ5 ዓመት መስፈርት ለሚያመለክቱ፣ ከሀገሪቱ ውጭ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የፈጀውን ጉዞ ሁሉ ከወጡበትና ከተመለሱበት ቀን ጋር ይጠይቃል። ለቃሉ እውነትነትም በሕግ የሚያስጠይቅ ፊርማ ይፈረምበታል።

በቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ በማኅተም ፈንታ ትንሽ ሰማያዊ ወረቀት መስጠት ከተለመደ ዓመታት አልፈዋል። ወረቀቷ በጸሎት መጽሐፍ መካከል ተረስታ ብትጠፋ፣ ቀኑን የሚመሰክር የእስራኤል ማኅተም በፓስፖርቱ ላይ አይገኝም።

በዓልን ቆጥሮ ማስታወስም ያሳስታል። የ2016 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 27፣ የ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 2024 እና ኤፕሪል 20 ቀን 2025 መሆናቸው ነው። ቅጹ የሚሞላው በዚህ በኋለኛው አቆጣጠር ነው።

ከሱባኤ ወደ ሱባኤ እያሉ የሚሰነብቱም ልብ ይበሉ። በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ መቆየት የአሜሪካ ኑሮን እንዳቋረጠ ያስገምታል፤ አመልካቹም አለማቋረጡን በማስረጃ ማሳየት ይኖርበታል። ከ5 ዓመቱ ቢያንስ 30 ወር በዚያ ምድር መገኘትም ግድ ነው።

ስለዚህ እንመክራለን፦ ወረቀቷንና የመሳፈሪያ ካርዱን ፎቶግራፍ አንሡ፤ የቲኬቱን ኢሜይል አትሰርዙ፤ ቤታችሁ እንደ ገባችሁ ሁለቱን ቀኖች በደብተር ጻፉ። የቆየ ማስረጃ ለጠፋበት፣ የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የያዘውን የመግቢያ መዝገብ በማመልከቻ መጠየቅ ይቻላል። በግምት ከመሙላት ይህ ይሻላል።