የሩዝ ስንጥቅና የህንድ የውጭ ንግድ

ከገበያ የገዛነውን ሩዝ በሰፌድ ላይ ዘርግተን ብንመለከት ከሙሉዎቹ ፍሬዎች መካከል ስብርባሪዎችን እናገኛለን። ብዙዎቻችን የመጓጓዣ ጉዳት ይመስለናል። የዓለም አቀፍ ነጋዴዎች ግን ሩዝ የሚተምኑት በዚሁ ስብርባሪ ነው፤ «5 በመቶ» ወይም «25 በመቶ» የሚባለው ደረጃ በጭነቱ ውስጥ የሚገኘውን የተሰበረ ፍሬ ድርሻ ያመለክታል። በዓለም ቀዳሚ ሩዝ ላኪ በሆነችው በህንድ ደግሞ ስብራቱ ከዋጋም አልፎ የትኛው ጭነት ከወደብ እንደሚወጣ የወሰነበት ጊዜ ነበር።

የስብራቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ከወፍጮው በፊት ነው። ሩዝ ሲታጨድ ከክብደቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህሉ ውኃ ሲሆን፣ ሳይበላሽ እንዲከማች ወደ 14 በመቶ ገደማ መውረድ ይኖርበታል። በሞቃት አየር ሲደርቅ ላዩ ቀድሞ ውኃ ያጣል፤ መሐሉ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ማድረቁ ሲቋረጥ የመሐሉ ውኃ ወደ ውጭ ይጓዛል። በዚህ ጊዜ ላዩ ሊሰፋ፣ መሐሉ ሊጠብ ይሻል፤ ሁለቱ የተያያዙ ናቸውና መሐሉ ይጎተታል። ስታርች ደግሞ እንደ መስተዋት ሁሉ ሲጫኑት የሚችለውን ያህል ሲስቡት አይችልም። ስለዚህ ስንጥቁ ብዙዎች እንደሚገምቱት ከላይ ሳይሆን ከውስጥ ይጀምራል። የደረቀ ሩዝ በማሳ ላይ ዝናብ ወይም ጤዛ ሲያገኘውም የሚደርስበት ይኸው ነው።

አንዱ መፍትሔ ፍሬውን ጥቂት አድርቆ ለሰዓታት ማሳረፍ፣ ከዚያም እንደገና ማድረቅ ነው። ሌላው በህንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፦ ሩዙን ከነገለባው ዘፍዝፎ በእንፋሎት ማብሰል፣ አድርቆም መፈልፈል። ስታርቹ በሙቀቱ አብጦ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ስንጥቁን ይደፍናል፤ ከሽፋኑ ያለው ቫይታሚን ቢ 1ም በከፊል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። (ቢጫ ያዘለውን መልኩን አይቶ አሮጌ ነው ብሎ የሚንቀው ሸማች ተሳስቷል።)

አሁን ወደ ወደቡ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 ህንድ 22 ሚሊዮን ቶን ያህል፣ ማለትም የዓለምን የሩዝ ንግድ 40 በመቶ ገደማ ላከች። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ስብርባሪ ሩዝ እንዳይወጣ አገደች፤ ለእንስሳት መኖና ለኤታኖል በአገር ውስጥ ይፈለግ ነበርና። በጁላይ 2023 ከባስማቲ በስተቀር ነጭ ሩዝን አገደች። በኦገስት ግን በእንፋሎት በበሰለው ላይ የጣለችው እገዳ ሳይሆን 20 በመቶ ቀረጥ ነው። እንግዲህ ከአንድ ማሳ የታጨደ ሩዝ በነጭነቱ ከተፈለፈለ ሙሉም ይሁን ስብር ተከለከለ፤ በእንፋሎት ካለፈ ግን ቀረጥ ከፍሎ ወጣ።

ዓለም በዓመት ከ500 ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ ሲያመርት ድንበር የሚሻገረው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ነው። ገበያው እንዲህ ጠባብ በመሆኑ በኦገስት 2023 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሩዝ ዋጋ መለኪያ በ15 ዓመት ውስጥ ወዳልታየ ከፍታ ወጣ። በእኛ አስተያየት እጅግ የሚያሳዝነው የስብርባሪው እገዳ ነው። ሴኔጋልን የመሰለች አገር በቅኝ ግዛት ዘመን ከኢንዶቻይና ይላክላት የነበረውን ስብርባሪ ለምዳ ዛሬም ከሙሉው አስበልጣ ትወደዋለች፤ ለሌላው እንከን የሆነው ስንጥቅ ለእርሷ የዕለት ምግብ ነው። የነጭ ሩዝ እገዳ በሴፕቴምበር 2024 ሲነሳ፣ የስብርባሪው ግን እስከ ማርች 2025 ቆየ።